ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ሐይቅ

አክስቴ ሂልካ ዐርባ አንድ ጸደይ ሙሉ፣
ሌሎች ሲዘነጉት፣ ሌሎች ሲያቃልሉ፣
ሐይቁ በረዶውን የሚጥልበትን
በእርሳስ መዝግባለች ዕለት ሰዓቱን።
ደብተሩ ረጠበ፣ ጠርዙ ተበላ፤
እኔ ልርዳ ብዬ መጣሁ በአጉል መላ።
ገዛሁላት ላፕቶፕ ከኩኦፒዮ ገበያ፣
ስፋቱ የሚያህል የዳቦ መክተፊያ።
ዊንዶውሱ ከብዶት እያቃሰተ
አንድ ገጽ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ጎተተ።
«ሊኑክስ ነው መፍትሔው ለደካማ ጉልበት፣
አንድ ሰዓት አይፈጅም!» አልኳት በድፍረት።

ጫንኩት። «ተጠናቋል» አለኝ በትሕትና።
አጥፍቼ ብከፍተው ቀረ ጠቆረና።
ሰማያዊዋ መብራት አንዴ ጠቀሰችኝ፣
ከዚያ በጥቁር መስታወት ፊቴን አሳየችኝ።

ቻርጀሩን ነቀልኩት። ጣቴን ተጭኜ
ሠላሳ ቆጠርኩኝ ትንፋሼን አፍኜ።
ምንም።
ፍላሹን ሰካሁት፤ በፍላሹ ተነሣ፤
ፍላሹን ሳወጣው መነሣቱን ረሳ።
የጥበቃ ቅንብሩን ገብቼ ዘጋሁት፤
የማስነሻ ተራውን ከላይ ታች አዞርኩት፤
ደግሜ ጫንኩለት ሌላውን ዓይነት፣
ቀለል ያለ ተብሎ የተነገረለት።
ምንም።

ሂልካ ከመስኮቱ ሥር ካልሲ ትጠግናለች።
«ቱኦሞ፣ ሞቷል?»
«አልሞተም። መንገድ ነው የጠፋው።»
«እንግዲያስ አትጩህበት።»
አልጮህኩበትም ነበር።
ትንሽ ምናልባት።

ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ ከመመሪያው ግርጌ፣
በደቃቅ ፊደላት አገኘሁ ፈልጌ፦
አንጎሉ ስድሳ አራት ቢት ማሰብ እየቻለ፣
በረኛው «ሠላሳ ሁለት ብቻ!» አለ።
ርካሽ ይሁን ብለው፣ ሲሠሩት ቆጥበው፣
ለሰፊ አዳራሽ ጠባብ በር ሰጥተው።
ያመጣሁት እንግዳ ትከሻው አላልፍ ብሎት
ደጅ ሲጠና አምሽቷል፣ ማንም ሳይከፍትለት።
ማንም አልታመመም። ማንም አላጠፋም።
የልክ ጉዳይ ብቻ፤ በር ቁጣ አያሰፋም።

በፍላሹ ገባሁ። አንዲት ትንሽ ፋይል፣
ክብደቷ ከአንድ ፎቶ የማይስተካከል፣
ልኳ ሠላሳ ሁለት፣ ቀጭን በር ከፋች፣
ከማስነሻው ማኅደር ገብታ ተቀመጠች።
(ሁለት ጊዜ ከማይሆን ቦታ አኑሬያት ነበር፤
እጄ እንቅልፍ ይዞታል።)
በሦስተኛው ቁልፉን ተጫንኩ።
ጥቁር።
ጥቁር።
ከዚያ ነጭ ፊደላት፣ ጉንዳን ይመስል ሰልፋቸው፣
ወደ ላይ ተመሙ፣ ማን ሊያስቆማቸው!

«ሂልካ! ተነሣልሽ!» ብዬ ስጣራ
ካልሲው ብቻ ቀርቷል ከነመርፌው ጋራ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውጭ አንድ ድምፅ ገባ፣
ወፍራም ሸራ ከዳር እስከ ዳር ሲቀደድ የሚመስል፤
ከዚያም ረጅም ማቃሰት።
ሐይቁ።
ሮጬ ስወርድ ውሃው መሃሉን ጠቁሯል፤
ሂልካ በላስቲክ ጫማ፣ ኮቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ
ከጀልባው ማሰሪያ ቆማለች፤
ደብተሩ በእጇ፣ እርሳሱ ከጥርሷ መሃል።
«ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ» አለች።
«ለምን አልጠራሽኝም?»
«ሥራ ላይ ነበርክ።»

ጠዋት ከጠረጴዛው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጥን።
ዐርባ አንዱን ጸደይ ለሌላ ቀን አቆይተን
ዐርባ ሁለተኛውን ጻፍኩ፤ ዕለቱን፣ ሰዓቱን።
«‹ማስታወሻ› በሚለው ሥር ምን ልበል?» አልኳት።
እርሳሷን እየቀረጸች፣ «እውነቱን» አለች።
ጻፍኩ፦
ቱኦሞ አላየም። በር እየለካ ነበር።