ከሌሊት ፈረቃ መልስ

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ቺሌ በሚያልቅበት፣
ነፋስ ሳያንኳኳ ግቢ በሚገባበት፣
ኒባልዶ መጣ ከወደብ ሲሠራ አድሮ፣
ዐይኑ በርበሬ መስሎ፣ ወገቡ ተሰብሮ።

አይሌን ግን ነቅታለች፤ ሁለት ዓመቷ ነው፤
እንቅልፍን በዚያ ዕድሜ ማን ቁም ነገር ይበለው?

መጫወቻ ሊገዛ ደሞዝ አልደረሰ፤
ጓዳ ገብቶ ያገኘውን አግበሰበሰ፦
የልብስ ሳፋ፣ ጭልፋ፣ ውኃ የያዘ ድስት፣
ጎዶሎ ካልሲዎች፣ ሰባት ወይ ስምንት።

ካልሲ ጠቀለለ፤ «ጎሉ ሳፋው» አላት፤
ገብታ ተቀመጠች፣ ጀልባ መሰላት።

ደግሞ የትራስ ልብስ ሁለት ጫፉን ያዘች፣
ነፋሱ ቢሞላው እየተጎተተች
ሮጠች፣
ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ተነሣች፤
«ደገና!» ብላ መልሳ ወደቀች።

ኒባልዶ ግን ደክሞት ሣሩ ላይ ቀረ፤
ከሳፋው ከድስቱ ጋር ዕቃ ሆኖ ተደመረ።
ደረቱ ተራራ ሆነ፣ ዳዴ ወጣችበት፤
ጉልበቱ ድልድይ ሆነ፣ ሁለቴ ሾለከችበት።

ማንኮራፋቱን ሰማች። ቆም ብላ አሰበች።
ተራራ ይተኛል እንዴ?
ጭልፋዋን አነሣች፣
ከድስቱ ሞልታ ቀዳች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣
ጆሮው ውስጥ፣ ቀስ ብላ…
ተራራው ፈረጠጠ!

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ኤድሊያ ሳቀች፤
«ደገና!» አለች አይሌን፣ ድስቱን እያሳየች።