የዳሪንካ መዶሻ

ዛፉ የአባቴ ነው፣ መሬቱም የአባቴ፤
ግን ያለ ዳሪንካ አይገባም ከቤቴ።
ማገዶ ፈልጌ መጋዜን ብስልም፣
ሕጉ «ቆይ» ካለኝ ግን ጥርሱ አይነክስም።

መጣች ማክሰኞ ለት፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣
መዶሻ በወገብ፣ ቀይ ቀለም በኪሷ።
ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ውሻዬም ለመዳት፣
ይጮህባት ነበረ፣ ዛሬ እጇን ላሳት።

ዳገት ወጣንና ከቡክቫው ሥር ቆመች፤
ቅርፊቱን ዳበሰች፣ ሽቅብ አንጋጠጠች።
«ይሄ አይሆንም» አለች፤ «ጤነኛ ነው ገና፤
ጥላው ሥር ልጆቹን አላየህምና።»
ጎንበስ ብዬ ባይማ፣ ጣት የሚያህል ችግኝ፣
መቶ ነው፣ ሁለት መቶ፣ ቆጥሬ ታከተኝ።
«ማንም አልተከለው፤ ራሱ ነው የዘራው፤
እኛ የምንቆርጠው፣ ብርሃን እንዲገባ ነው።»

ከጥዱ ስትደርስ ግን፣ ቅርፊቱ ላይ ዱቄት፣
ጥንዚዛ የጻፈው የኑዛዜ ወረቀት።
መዶሻው ሁለቴ፤ ቀይ ነጥብ ከእግሩ ሥር፤
ቁረጥ አለኝ በቃ፣ ጣት የምታህል አገር።

ስንመለስ ቆምኩኝ፣ ያባቴ መስክ ላይ፤
የቱ ጋ ነው መስኩ? የለም እኮ የሚታይ።
ወንድሜ ስታኔ ግራዝ ፋብሪካ ገባ፣
ማጭዱ ተሰቅሎ ዝገቱን አገባ።
መጀመሪያ ሐረግ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣
ደኑ መጣ ቁልቁል፣ አጥሩን ረግጦ።
ሚዳቋ ታድራለች፣ ድርቆሽ በከመርንበት፤
ድብ ፖም ይለቅማል፣ እናቴ በቆመችበት።

ዳሪንካ ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
«ደን ጨመረ» ብላ ጻፈች፣ አረንጓዴ ቀብታ።

ዝም አልኩ።
በሷ ቀለም ደን ነው፤ በኔ ስታኔ ነው።

ዘንድሮ ሰባ ስምንቴ፤ ጉልበቴም ይንቋቋል።
መዶሻውን አይቼ ቀልድ ነገር መጣብኝ፦
«ለኔስ? እግሬ ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ አታኖሪም?»

አልሳቀችም።
እንደ ቡክቫው ሁሉ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣
ትከሻዬን ዳበሰች፣
«ይሄኛው ይቆይ» አለች።
«ልቡ የተቦረቦረውን
ለወፎች ነው የምንተወው።»

ከዚያ ቁልቁል ወረደች።
ውሻው እስከ አጥሩ ሸኛት፤
አጥር ካልነው፣ ያን ቁጥቋጦ።