ሰጋቱራ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሩስታቪ ሜዳ ላይ፣
እልፍ አሮጌ መኪና ተኮልኩሎ ሲታይ፣
አንዷን ብርማ ኦፔል ዞር ዞር ብዬ አየኋት፤
የስድስት ዓመት ቁጠባ ቆጥሬ ገዛኋት።
ሻጩ ተንጊዝ ነበር፣ የክርስትና ልጄ፣
ከጥምቀቱ ውሃ ሲወጣ የታቀፍኩት በእጄ።
«ናኑሊ፣ ስሚያት» አለኝ ቁልፉን እያዞረ፤
«ድመት እንኳ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበረ።»

እውነቱን ነው፤ ዝም አለች።
ዝም ብላ ጎምቦሪን ወጣች፣ ዝም ብላ ወረደች፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ መርፌና ብልቃጤን ጭና
ከመንደር መንደር አዞረችኝ፣ እንደ አዲስ ምራት ጨዋ ሆና።

በአራተኛው ግን፣ ሦስተኛ ማርሽ ይዤ ዳገቱን ስጋፋ፣
ከወንበሬ ሥር አንድ ነገር ጮኸ፣ አፏጨ፣ አንኮራፋ።
ልቅሶ አይሉት ፉጨት፣ ጥርስ ማፋጨት አይሉት፤
ማንቆርቆሪያ መሰለኝ እሳት ላይ የረሱት።
እግሬን ሳነሳ ይተዋል፣ ስረግጥ ይመለሳል፤
ፍሪሲዮን ስይዝ ደግሞ ትንፋሹን ውጦ ያደምጠኛል።
ሬዲዮ ከፈትኩ። ሰው ሲፈራ እንዲህ ያደርጋል።
ድምፁን ጨመርኩ። አጥንት ግን መች ሬዲዮ ይሰማል?

ጎደርዚ መካኒክ፣ አንድ ጆሮው የደከመ፣
ካቻቢቴውን ካምቢዮው ላይ ተክሎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ።
«ኩሽኔታ ነው… ወይ ጥርስ… ኧረ እኔስ አልሰማም።»
ቦርሳዬን ከፈትኩ። እስከዛሬ ለብረት አውሼው አላውቅም፣
የሰው ደረት የለመደ የልብ ማዳመጫዬን፤
ዘይት በነካው እጁ ተቀብሎኝ ጆሮው ላይ ሰካው ዕቃዬን።
«እህህ» አለ።
(ይህን «እህህ» አውቀዋለሁ። እኔም እላለሁ፣ በር ላይ ቤተሰብ ሳይ።)

ብሎኑ ተፈታ። የወረደው ነገር ዘይት አይባልም፤
አጥሚት ነው እንጂ ዘይትስ እንዲያ አይወፍርም።
በጣቱ ዛቅ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ እየሳቀ፣
«መኪናሽ ውስጥ ጫካ አለ» ብሎ ጣቱን ጠረቀ።

ሰጋቱራ።
የአናጢ ቤት ጥራጊ፣ የጥድ እንጨት ብናኝ፤
ከጥርስ ጥርስ መሃል ሲገባ፣ የሚጮኸው ሁሉ ተኛ።
ለጊዜው።
«ለስንት ጊዜ?» አልኩት።
«ገዢው ከገበያው እስኪርቅ።»

አጠበው፤ አዲስ ዘይት ሞላ። ጩኸቱ እጥፍ ሆነ።
«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «አሁን ገና የራሷ ድምፅ ሆነ።»

የዚያን ቆሻሻ ዘይት አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ሙሉ
ተንጊዝ ገበታ ላይ አኖርኩ፤ ልጆቹ እራት ሲበሉ።
ሚስቱ «ማር ነው?» አለች።
እሱ ቀና አላለም። ዳቦውን ቆረሰ፣ መልሶ ቆረሰ።
«እኔ'ኮ» አለ፣ «ካላት ገንዘብ ሌላ አትገዛም ብዬ፤
ለምን ትጨነቅ? ትንሽ ጊዜ መንገዷ ጸጥ ይበል ብዬ።»

ልጮህበት ነበር፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደረሰ።
እዚያው ላይ ቀረ።
ኤተሪ መጣችብኝ፣ የላይ መንደሯ ልብስ ሰፊ፣
ቀሚሷን በየወሩ የምታጠብ፣ ሳሏ የማያርፍ።
ልጆቿ በር ላይ ይዘውኝ፣ «አደራ፣ እንዳትነግሪያት!»
«ብርድ ነው» አልኳት።
በሚያዝያ ብርድ ነው፣ በግንቦት ብርድ ነው፣ በሰኔ ብርድ ነው አልኳት።
እሷም እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።
ተንጊዝ ገበታ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ጥድ ጥድ ሸተተኝ።

ጠርሙሴን ይዤ ወጣሁ። ግማሹን ሊመልስ ማለ፤
እስካሁን ሩቡ ገብቷል። ኩሽኔታውም «ከባቱሚ ይመጣል» እንደተባለ አለ።

ማክሰኞ ዳገቱን ወጣን፣ እየጮኸች፣ ውሻው ሁሉ እያጀባት።
ኤተሪ ደጃፏ ላይ ናት፤ ጥላ ያህል ቀርታለች፣ ነጠላ ጫማዋ ሰፍቷት።
«ከወንዙ ጀምሮ ሰማሁሽ። ምን ሆናብሽ ነው?»
«ካምቢዮዋ ነው» አልኩ። «ውስጡ የተበላ ነው።»
«ይድናል?»

መርፌውን ወደ ሳጥኑ መለስኩት።
«ቁጭ በይ፣ ኤተሪ» አልኳት፣
«ስለ መኪናዋም እነግርሻለሁ።»