መስቀል ያኖረው ሰው

መጋቢት ነው በቡፋሎ፤ ሐይቁ አልቀለጠም ገና፤
ባዶው የስንዴ ጎተራ፣ ቆሟል ተጠግቶ ደመና።
ከሥሩ ቅዱስ ፊንባር፣ ቀይ ጡቡ በጥላሸት ጠቁሮ፤
ጣራው ያፈሳል፤ ባልዲው አለ፣ እንዳምናው ሁሉ ዘንድሮ።

ዛሬ ግን በዓል ነው፤ አረንጓዴ ሪባን ታስሯል በየወንበሩ ዳር፤
ከምድር ቤት የጎመን እንፋሎት ይወጣል፣ ከሴቶቹ ክርክር ጋር።
ኦኖራ ትዎሚ በቀጭኑ ትቆርጣለች፣ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ፤
ሁለት ዶላር ነው ቁራጩ፤ ለጳጳሱም አይቀነስም፣ ለመጣም ሰው ተርቦ።
የማላኪ ቫዮሊን አንድ ክር ጎድሎታል፤ እሱም አንድ ጥርስ፤
ሁለቱም ይስቃሉ፣ ዜማው ወደ ልጆቹ እግር እስኪደርስ።

ዳንሰኞቹ ልጆች ግን፣ ፀጉራቸው ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፤
ዘራቸው ከበርማ ጫካ፣ ከካረን አገር የተነሣ።
ጀርባቸው እንደ ሻማ ቀጥ፣ እጃቸው ጎን ላይ ተሰፍቶ፤
እግራቸው ብቻ ያብዳል፣ የጣውላውን አቧራ አንሥቶ።
አንድ ሽማግሌ አጉረመረመ፦ «የእኛዎቹስ የት ሄዱ?»
«ከከተማ ወጡና፣» አለ ማላኪ፣ «ሣር ማጨጃ ጠመዱ።»

ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ መዝገቡ የሚከፈት፤
የጡቡን ዋጋ ያዋጡ፣ አንድ በአንድ የተጻፉበት፤
እህል ዛቂ ወዛደሮች፣ ጀርባቸውን ለመርከብ ሆድ አከራይተው፣
ከሳምንት ልፋታቸው፣ ዐሥር ዐሥር ሳንቲም ለይተው።
ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ በመጠጥ ቤት ነበረ፤
እያንዳንዱ ጡብ እንግዲህ፣ ያልተጠጣ ብርጭቆ ነው፣ ቆሞ የቀረ።

ስም ሲነበብ የልጅ ልጅ፣ «አለሁ» ይላል ተነሥቶ፤
«ፊኒያስ ላፈርቲ!» «አለሁ» አለ አንድ ጎረምሳ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ።
«ታዴየስ ክሮኒን!» ጸጥ። የመጨረሻው ዘሩ፣
ባለፈው ኅዳር ነበር፣ አበባ የበዛበት ቀብሩ።

መጨረሻ ላይ ቆመች፤ ስም የሌለው አንድ መስመር፤
ሁለት ጭረት የተላለፈ፣ በጣውላ እንደ ታሸገ በር።
መጻፍ ያልቻለ ሰው ነው። «መስቀል አኖረ፤ ዐሥር ሳንቲም» ትላለች።
በየዓመቱ እዚህ ስትደርስ፣ መነጽሯን ታወልቃለች።
ማን «አለሁ» ይበልለት? ስም ከሌለው፣ ዘሩን በምን ያገኙታል?
እስከ ሦስት ትቆጥራለች፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ይረሱታል።

ዘንድሮ ግን ከኋላ፣ ባልዲው ካለበት ዓምድ ሥር፣
ሶ ኤ ዶ፣ የአንዷ ዳንሰኛ አያት፣ ብድግ አለ፣ ያለ ቃል፣ ያለ ከንፈር።
እሱም በስደተኞች ሰፈር፣ ከቀርከሃው ጠረጴዛ ላይ፣
በአውራ ጣቱ ነው የፈረመው፤ ቀለሙ ዛሬም ይመስለዋል የሚታይ።

ምእመኑ ዞሮ አየው። ኦኖራ መቁጠሯን ተወች፤
«ሁለት» ላይ ነበረች፤ ሦስትን ሳትል ቀረች።
ጥሪው ገብቶት ይሁን፣ ወይ ጉልበቱን ቁርጥማት ቢያመው፣
እንጃ። ጓንቱን አጠለቀ፤ የበረዶ አካፋ አለ፣ በሩ ሥር የቆመው፤
እሱን ይዞ ወጣ። በሩ ሲከፈት ብርዱ ገባ፤
ከቅዱሱ እግር ሥር ወደቀ፣ ያ አረንጓዴ የወረቀት አበባ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ብረቱ፣ ደንጊያ ሲፍቅ ተሰማ፤
አንዴ።
ሁለቴ።
ሦስቴ።
ኦኖራ መዝገቡን አልዘጋችም፤ ታዳምጣለች ቆማ።