ስንት ሆነ?

ኤድመንተን። ጥር። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
መኪናዬን በገመድ ከግድግዳው ሰክቼ አሳድራለሁ
ጠዋት ሞተሩ እንዲነሳ፤
ልጄንም እንዲሁ፦
ክንዷ ላይ በተለጠፈች፣ ሳንቲም በምታህል ነገር
ከስልኬ ጋር አስሬያት አድራለሁ፣
እኔም ሳልተኛ፣ እሷም ሳትረሳ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ይጮኻል።
«ሦስት ነጥብ ሁለት»፤ ቀስቱ ወደ ታች ያያል።
በካልሲ ደረጃውን እወርዳለሁ፣
የጭማቂውን ገለባ ከአፏ አስጠጋለሁ፤
ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አሥራ አምስት ዓመቷን ረስታ፣
እንደ ጨቅላ ትጠጣለች።
ነቅታ ካየችኝ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«እንዴት አደርሽ?» ማለት ከተውኩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው።
«ስንት ሆነ?» ነው የጠዋት ሰላምታዬ፣
«ስንት ሆነ?» ነው የማታዬ።
ከፍ ካለ ግንባሬ ይቋጠራል፣
ዝቅ ካለ ጉልበቴ ይከዳኛል፣
ደህና ከሆነ ደግሞ ዝም።
ለደህናው ቁጥር
አንድ ቀን እንኳ ቃል አላወጣሁለትም።

እሷም ዝምታን ከእኔ ተማረች።
ሳንቲሟ «ስፖርት ስንሠራ ወደቀች» ሆነች፣
ስልኩ «ባትሪ ጨረሰ»።
ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤
ሆስፒታል ስደርስ ትንፋሿ የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል፣
ቁጥሩ ሠላሳን አልፏል።
ማታ የእርሳስ ቦርሳዋን ስፈታ
የኢንሱሊን ብዕሮች፣ አራት፣ ሙሉ እንደሆኑ፣
ተደርድረዋል ከእርሳሶቹ ተርታ።

በዕቁብ ቀን አንዷ
«ጣፋጭ አብዝታችሁላት ነው» ብላ ነበር፣ እንደ ዋዛ።
ወይንሸት ያን ቃል ሦስት ዓመት ተሸከመችው
እንዳልተፈታ ፌስታል።
«የሥነ ልቦና ባለሙያ» ሲሉን
«ልጄ አላበደችም» ብላ
ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
ዶክተር ካርዲናል አልተከራከረችም፤ ወንበሯን አቀረበች፣
ቀድማም እኔን ጠየቀች፦
«አንተስ? ሌሊቱን ሙሉ የተኛኸው መቼ ነው?»
የቁጥር ሰው ነኝ፤ ቁጥር ፈለግሁ፣ አጣሁ።
እንግሊዝኛዬ ሥራ እንጂ ሐዘን አልለመደም፤
አቀርቅሬ፣ ጫማዬ ላይ የደረቀውን የመንገድ ጨው አየሁ።

ናኦል፣ ሰባት ዓመቱ፣ ከአሻንጉሊቶቹ መሃል
«የእኔስ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።
ጣቱን ዘረጋ፤
በእህቱ መርፌ በስውር የወጋው
ሦስት ቀይ ነጥብ አለ።

ኤልዳና ሦስት ቀጠሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።
በአራተኛው፣ የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ እያደረገች፣
ለእኛ ሳይሆን ለዚፑ ተናገረች፦
«አባዬ ድሮ ማሬ ይለኝ ነበር።
ስኳር አለባት የተባለ ዕለት
የማሩን ማሰሮ ለጎረቤት ሰጡት፤
ቃሉንም አብረው ሰጡት።»

እውነቷን ነው።
ጓዳውን ሳጸዳ አፌንም ጠርጌዋለሁ።
ጣፋጭ የተባለ ሁሉ ጠላት ሲመስለኝ
እሷን ከየትኛው መደርደሪያ እንዳነሳኋት
አላስተዋልኩም።

ትናንት ሌሊት ስልኩ ሲጮኽ ተራው የወይንሸት ነበር።
አልተኛሁም፤ ግን አልተነሳሁም።
ሲነጋ፣ በሩ አጠገብ፣ ቦት ጫማዋን ስታስር፣
«እንዴት አደርሽ፣ ማሬ?»
ቃሉ ከጉሮሮዬ ዝጎ ወጣ።
«ዘጠኝ ነጥብ አንድ» አለች፣ ከልምድ፣ ቀና ሳትል።
ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።
«ደህና» አለች ኋላ። «አንተስ?»

ገመዱን ልነቅል ወጣሁ።
መኪናው በሦስተኛው ተነሳ።