ፈንግልና ዳፍንት

በቲስታ ወንዝ መሀል፣ አሸዋ በወለደው ደሴት፣
ጠርሙሷን በበረዶ አቅፌ ዞርኩ ከቤት ወደ ቤት።
«ባንድ ዓይን አንድ ጠብታ ነው፤ አትፍሩ፣ አያማቸውም፤
ፈንግል እንዳምናው ቢመጣ፣ ዘንድሮ አይፈነግላቸውም።»
እንዲህ ብዬ ነበር፣
ሁለት ሁለት ታካ ተቀብዬ በዶሮ ቁጥር።

ጆይጉን አሥራ አራት ነበራት፤ አንድ አውራ፣ የቀረው ቄብ፤
የልጅ ልጇን ደብተር፣ የጣራዋን ቆርቆሮ፣ በእንቁላል የምታስብ።
«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።
በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሰው መሀል ጠራችኝ፤
በእጇ አንዲት ቄብ ይዛለች፣ አንገቷ ወደ ኋላ የዞረ፣
ክንፏ የተልፈሰፈሰ፣ ጭራዋ በአረንጓዴ ኩስ የተነከረ።
«ውሃ ነው የሸጥሽልን!»
መንደሩም ተቀበለ፦ «ውሃ ነው ያንጠባጠበችልን!»

በረዶው አልቀለጠም። የጠርሙሱ ቀን አላለፈም።
ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ አይቻለሁ፤ አንዲቷንም አልሳትኩም።
ሌሊቱን ግን ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፤
ነጋ ሲል ሬሳዋን በፌስታል ቋጥሬ ጀልባ ተሳፈርኩ።

ዶክተር ኦኒሜሽ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣
መንቆሯን በመቀስ ከፈተ፣ ጉሮሮዋን ለሁለት ከፍሎ።
«ነይ እዪ» አለኝ። ነጫጭ ፍንጣቂ፣ የሩዝ ስባሪ የሚያህል፣
ከሥጋዋ ጋር የተሰፋ፣ ጣት ቢፍቀው የማይነቀል።
ከዓይኗ ቆብ ሥር ደግሞ አይብ የመሰለ ነገር ረግቷል።
«ይሄ ፈንግል አይደለም» አለ፤ «ፈንግል ሳይመጣ ቀድሞታል።
ምን ነበር የምትበላው?»

ምን ትብላ?
ጎርፉ ሐምሌ ገባ፤ መስከረም ሲጠባም አልወጣ።
ጎመኑ ሰጠመ፣ የስኳር ድንች ቅጠል ሰጠመ፣ ሣሩ በሰበሰ፤
ሽፈራው ቆሞ ሞተ። የተረፈን ነጭ ሩዝ ነው፣ ከርዳታ ጆንያ የፈሰሰ።
በተንንላቸው። ለቀሙ። ጠገቡ።
ጠግበው፣ ውስጥ ውስጡን ተራቡ።

«አየሽ» አለኝ፣ «ጉሮሮ ርጥብ መሆን አለበት፣ ለስላሳ።
ቫይታሚን ኤ ሲጠፋ ይደርቃል፤ እንደ በጋ ጭቃ ይሰነጠቃል።
ያኔ ቫይረሱ ደጅ አይጠናም።»
«ክትባቱስ? ክትባቱ የት ገባ?»
«ክትባት ማስተማር ነው። የራበው ተማሪ
ፊደል ሳይለይ ደብተሩ ላይ ያንቀላፋል።
ሕመሙም ከገባ ወዲያ በተራው ይዘርፋል፤
በጉበቷ ያኖረችውን ጥሪት ይመዘብራል፣ አንጀቷን ያቆስላል፤
ዛሬ ቅጠል ብትሰጫት እንኳ፣ ባፏ ገብቶ ባክኖ ይወጣል።»
«ታዲያ የቱ ነው የቀደመ?»
ሳቀ። «እሱን እንቁላሉን ጠይቂው» አለና እጁን ታጠበ።

ስመለስ፣ ጀልባው ላይ፣ የምለውን ሞከርኩ።
ውሃ አልሸጥኩሽም፣ ጆይጉን፤ ዶሮሽ ርቧት ነበር።
ከራሷ ሳህን ቀንሳ ለበተነች ሴት
ይሄ እንዴት ይነገር?

ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ወንዙ ገና ብርቱካን ነው።
የተረፉት ዶሮዎች ግን ከቆጡ አጥር ይላተማሉ፣ በሩን አጥተው።
የእኔዋ ቱኒ ወጣች፤
መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ እየዳበሰች፣
ጧት ራሷ ያኖረችውን ባልዲ ገፍታ ጣለች።
«እማ፣ አንቺ ነሽ?»
እኔ ነበርኩ። ከፊቷ። በሁለት ክንድ ርቀት።

ስሙን አውቀዋለሁ። ዳፍንት።

በዚያ ደሴት ጎርፍ ያልደረሰበት አንድ የዱባ ሐረግ ነበር፣
የጆይጉን ጣራ ላይ፤ ፍሬው ለገበያ የታሰበ፣
ቅጠሉ ለማንም የማይቀጠፍ።
በሯን አንኳኳሁ።
«ውሃ ሻጭዋ ነኝ» አልኩ፤ «ቅጠል ልለምን መጣሁ።
ለቱኒ። ለዶሮዎቹም... ከተረፈ።»

ብዙ ዝም አለች። አውራ ዶሮው ከውስጥ አስነጠሰ።
ከዚያ ወጣች፣ ቢላዋውን ወገቧ ላይ ሻጠች፣
«መሰላሉን ያዥልኝ» አለች።