ቆጠራ

አባዱላው መጣ፣ ውርጩ ሳይለቅ ሣሩን፤
ቢራቱ ወረደ፣ ከፈተልን በሩን።
ፏፏቴው ቅርባችን፣ ግማሽ ሰዓት መንገድ፤
ስንቃችንን ላየው፣ ጎጃም ነው የምንሄድ፦
ድፎ እንደ ጨቅላ ልጅ በነጠላ ታቅፎ፣
ፍራሹ ከጣራ፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ።
እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ የጽጌ ጾመኛ፣
ሽንብራ ለራሷ፣ ዶሮውን ግን ለእኛ፣
በሩን ይዛ ቆማ፣ ጣቷን አስቀድማ፣
ቆጠረችን ጮኻ፣ ሠፈሩ እስኪሰማ፦
"አሥራ አምስት ነን፣ በቃ፤ ንዳው በል ቢራቱ።"
ስፒኪዮውን አየ፣ ዞረ ደግሞ ፊቱ፤
"አሥራ አራት ናች..." ብሎ ገና ሳይፈጽመው፣
የእናቴ ክርን ነው ጎኑን የጎሰመው።

ያ ትርፉ አንድ ቁጥር ጋሼ ሽብሩ ነበር፣
ከጳጉሜ ጀምሮ የሚያድር ከአፈር።
በየመስከረሙ "ውኃው ሳይጎድልብን
እንሂድ" የሚለን፣ ሄዶ የማያውቅ ግን።
መስኮት ሥር ያለችው ወንበር ባዶ ናት፤
ጉልበት በጉልበት ሆነን ማንም አልነካት።

አባባ ተክለየስ ጋቢና ደረሳቸው፤
ሰማንያ ሦስት ዓመት፣ ከዘራ በእጃቸው።
ሶልያና ጠየቀች፦ "አባባ፣ ያውቁታል?"
"ድምፁን ነው የማውቀው። ማን ቆሞ ያየዋል?
አህያ ከፊትህ፣ ጤፍ በላይዋ ጭነህ፣
ገደል በቀኝ ሳለ፣ በግራ ታያለህ?"

ደብረ ሊባኖስ ጋ አስፋልቱን ጨረስን፤
ከዛፍ ጥላ ቆመን አቧራ አራገፍን።
ቁልቁለቱን ያዝነው፦ ኤልዳና በጀርባ፣
ፍራሹ በራሴ፣ ከጎኔ አባባ፤
አንዷ ከጀርባዬ፣ አንዱ ከትከሻ
ይዘውኝ ወረዱ እስከ መጨረሻ።

አንድ ጭላዳ ቀድሞን፣ ገደል አፍ ተቀምጦ፣
ሣሩን ይነጭ ነበር፣ ቀዩን ደረት ገልጦ።
ናሆም፦ "አሥራ አምስተኛው ይኸው" ብሎ ቀለደ፤
ማንም አልሳቀለት፤ ዓይኑ መሬት ወረደ።

ደረስን። ውኃው ግን፣ ምን ልበል፣ ሳስቷል፤
ክረምት የሸመነው ጋቢ ተተርትሯል፤
ከገደሉ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ክር ቀርቷል።
የናዝሬቱ አጎቴ ፈቃድ እስኪሰጠው
ሁለት ሳምንት ቆየን፤ ውኃን ማን ያቆመው?
ሶልያና ስልኳን ወደ ገደሉ አዙራ፦
"ይኼ ነው? ቪዲዮው ላይ ነበር የሚያጓራ!"

አባባ ከድልድዩ መሃል ላይ ደረሱ፤
የሚነዳ የለም። ቆባቸውን አነሡ፤
ወደ ግራ ዞሩ። ቆዩ ዝም ብለው፤
ዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ ሰላም ላላሉት ሰው
ጎንበስ እንደሚባል ጎንበስ አሉለት፤
"ከስቷል" አሉ፤ "ግድ የለም፣ እኔም ከሳሁለት።"

ዶሮው ተበላ፤ ድፎው ለጭላዳው ደረሰ፤
የኤልዳና ወተት በቀሚሴ ፈሰሰ።
ለፎቶ ተሰለፍን፤ አንዱ ዓይኑን ጨፈነ፤
ድጋሚ ብንነሣም ሌላው ተከደነ።
ከመሃል ተነሥታ እትዬ ወርቅያንጥፉ፣
ሽንብራዋን ይዛ ወረደች ከአፋፉ።
ምን እንዳለች እንጃ፤ ውኃው ድምፅ ሸፈነው፤
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየነው።
አንድ ጭብጥ ሽንብራ ድንጋይ ላይ አኖረች፤
ለወፍ ይሁን ለእሱ፣ ለማንም አልነገረች።

ዳገቱን ስንወጣ ፍራሹ ከበደኝ፤
ናሆም ሳልለምነው መጣና አገዘኝ።

በሩን ይዛ ቆመች እንደዚያው እንደ ጠዋቱ፤
ጣቷ ሁሉን ዞረ፣ ከአባባ እስከ ሕፃኒቱ፤
ሞተሩን አጠፋው፣ ጠበቀ ቢራቱ።
"አሥራ አራት።" ዝም አለች። እንደገና ጀመረች፤
ከመስኮቱ ወንበር ጣቷን አሳረፈች።
"አሥራ አራት ነን" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ፤
የወንዝ ውኃ ይንጠባጠባል ከቀሚሷ።
"ግቢ" ያላት የለም። ገባች። በሩን ሳበች።
መስኮት ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አባባ ከጋቢና፣ ሳይዞሩ ወደ ኋላ፦
"ለከርሞ ቀደም ብለን፣ ውኃውም ሳይላላ።"